ብዙ ድርጅቶችን የሚያገለግል የድር መተግበሪያ፦ የእያንዳንዱን ዳታቤዝ ለይቶ ስለመንደፍ

በጎንደር አራዳ ለአንድ የጅምላ ነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሠራ ባለሙያ ብዙ ሳይቆይ ከጎረቤት መደብር «ለእኛም ይሠራልን» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ከዚህ ጥያቄ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ነጋዴው የገዛበትን ዋጋ፣ ያበደረውንና የተበደረውን ከማስፈሩ በፊት «የእኔን መዝገብ እገሌ ሊያየው ይችላል ወይ?» ይላል። ከመተማ ሰሊጥ የሚያስመጡ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ቢሠሩም በገበያው ተፎካካሪዎች ናቸውና ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የቃል ማረጋገጫ ሳይሆን በንድፉ ውስጥ የተገነባ መሆን አለበት። ይህ ጽሑፍ አንድ የድር መተግበሪያ ብዙ ድርጅቶችን እያገለገለ የእያንዳንዱ ድርጅት መረጃ በራሱ ዳታቤዝ ተለይቶ እንዲቀመጥ እንዴት እንደሚነደፍ ያስረዳል። ምሳሌዎቹ ፖስትግሬስ (PostgreSQL) በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ማይኤስኪውኤል (MySQL) ጉልህ ልዩነት በሚያሳይበት ቦታ ይህንኑ እጠቁማለሁ።

ዳታቤዝን መለየት መቼ ይገባል?

መረጃን ለመለየት ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሁሉንም ድርጅቶች በአንድ ዳታቤዝ አስገብቶ በእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ላይ የድርጅቱን መለያ የሚይዝ ዓምድ መጨመር ነው። ሁለተኛው በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ለየድርጅቱ የራሱን ስኪማ፣ ማለትም በስም የተለየ የሰንጠረዦች ክፍል፣ መክፈት ሲሆን ሦስተኛው ለየድርጅቱ ሙሉ ዳታቤዝ መስጠት ነው። የመጀመሪያው ርካሽና ለማስተዳደር ቀላል ቢሆንም ደኅንነቱ ፕሮግራመሩ በሚጽፈው በእያንዳንዱ መጠይቅ (ከዳታቤዙ መረጃ የሚጠይቅ ትእዛዝ) ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከብዙ መጠይቆች በአንዱ የድርጅቱን መለያ መጥቀስ ከተረሳ የሁሉም ነጋዴ ደረሰኝ በአንዱ ነጋዴ ስክሪን ላይ ይወጣል። ፖስትግሬስ ከስሪት 9.5 ጀምሮ በረድፍ ደረጃ የሚሠራ የጥበቃ ደንብ ስላለው አደጋውን መቀነስ ይቻላል። ይሁን እንጂ ደንቡ፣ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር፣ የሰንጠረዡን ባለቤት አይገድብም፤ መተግበሪያው በባለቤቱ ስም የሚገናኝ ከሆነ ደንቡ ተጽፎ እያለ ከለላ አይሆንም።

በእኔ አስተያየት ደንበኞቹ በአሥሮች ወይም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች ከሆኑና የሚያስቀምጡት ሒሳብ፣ የመድኃኒት ክምችት ወይም የታካሚ መዝገብ ከሆነ ዳታቤዙን መለየት ለሚጠይቀው ድካም የሚመጥን ጥቅም ይሰጣል። ደንበኞቹ በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው እያንዳንዳቸው ጥቂት ረድፎችን ብቻ የሚያስቀምጡ ከሆነ ግን መንገዱ አይመከርም፤ ሥራው ከመጠይቅ ጽሕፈት ወደ ጥገና ይዞርና ጥገናው ከአቅም በላይ ይሆናል።

የፋሲል ግቢን የጎበኘ ሰው የዚህን ንድፍ መልክ በቀላሉ ይረዳዋል። አፄ ፋሲል፣ አፄ ኢያሱ፣ አፄ ዳዊት፣ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯቸው ሕንፃዎች በአንድ ቅጥር ውስጥ ቢገኙም እያንዳንዱ የራሱ ግድግዳና የራሱ መግቢያ አለው፤ ቅጥሩ ግን የጋራ ነው። በእኛም ሥራ ሰርቨሩ ቅጥሩ ነው፤ ዳታቤዞቹ ግንቦቹ ናቸው። ሰርቨሩ ከተደፈረ ወይም ከቆመ ሁሉም ድርጅት አብሮ ስለሚጎዳ «ዳታቤዙ ተለይቷል» ማለት «ሁሉም ነገር ተለይቷል» ማለት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው መገንዘብ ያስፈልጋል።

ማዕከላዊው መዝገብ

ከድርጅቶቹ ዳታቤዞች ውጭ አንድ ትንሽ ማዕከላዊ ዳታቤዝ ያስፈልጋል። በውስጡ የየድርጅቱ መለያ ቁጥር፣ የሚጠራበት ስም፣ የድር አድራሻው፣ ዳታቤዙ የሚገኝበት ሰርቨር፣ የዳታቤዙ ስም፣ አሁን ያለበት የስኪማ (እዚህ ላይ የሰንጠረዦቹ አወቃቀር) ስሪትና የድርጅቱ ሁኔታ ይመዘገባሉ። ሁኔታው ማለት ገና በመከፈት ላይ ያለ፣ ክፍት የሆነ፣ የታገደ ወይም የተዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ዓምድ ነው። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ መቀመጥ የለበትም፤ ተመስጥሮ፣ ቁልፉም ከዳታቤዙ ውጭ ሆኖ ይቀመጥ። የድርጅቱ የንግድ መረጃ ከቶውን ወደዚህ መዝገብ መግባት የለበትም።

ለዳታቤዙ የድርጅቱን ስም መስጠት የሚያጓጓ ቢሆንም ቁጥር መስጠት ይሻላል። በፖስትግሬስ የአንድ ዳታቤዝ ስም ከ63 ባይት ሊበልጥ አይችልም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ በአማርኛ የሚጻፍ ስም ከ21 ፊደላት በላይ አይሄድም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው አጻጻፉ ነው፤ የከተማችን ስም ራሱ «ጎንደር» ተብሎም «ጐንደር» ተብሎም ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም እንዲሁ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አለው፤ በስሙ ላይ የተመሠረተ መለያም ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት አድርገው የሚጽፉት መለያ ይሆናል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ለዚህ አይመረጥም፤ ግለሰብ ነጋዴ ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲለወጥ ማኅበሩ የራሱን አዲስ ቁጥር ይይዛልና።

ተጠቃሚዎች የት ይመዝገቡ የሚለው ጥያቄ ሊታለፍ የማይገባው ነው። በከተማችን አንድ የሒሳብ ባለሙያ የአራት ወይም የአምስት መደብሮችን መዝገብ በትርፍ ሰዓቱ ሲይዝ ማየት የተለመደ ነው። ተጠቃሚውን በየድርጅቱ ዳታቤዝ ብቻ ከመዘገብነው ይህ ሰው አምስት የይለፍ ቃል ይኖረውና ሁሉንም በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ የሰውየውን ማንነት፣ ማለትም ስልክ ቁጥሩንና የተመሰጠረውን የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም የትኞቹ ድርጅቶች አባል እንደሆነ በማዕከላዊው መዝገብ ማስቀመጥ፣ በድርጅቱ ውስጥ ያለውን ሥልጣን ግን በድርጅቱ ዳታቤዝ ውስጥ መመዝገብ ተገቢ ነው። በአንዱ መደብር የሒሳብ ሹም የሆነ ሰው በሌላው ተመልካች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚወስነውም ባለመደብሩ ነው።

ድርጅቱ የሚለየው በበሩ ላይ ነው

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ክፍል ይህ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ መተግበሪያው ሲደርስ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ ከሌላው ኮድ ሁሉ በፊት መወሰን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ የተሰጠውን የዳታቤዝ ግንኙነት ይጠቀማል እንጂ ስለ ድርጅት ምርጫ ምንም ማወቅ የለበትም። ለየድርጅቱ የራሱን ሰብዶሜይን፣ ማለትም ከዋናው የድር አድራሻ (ዶሜይን) ፊት የራሱ ስም የተጨመረበት አድራሻ፣ መስጠት ለዚህ አመቺ ነው፤ መተግበሪያው የመጣበትን አድራሻ አንብቦ በማዕከላዊው መዝገብ ይፈልገዋል። ሁሉንም ሰብዶሜይኖች የሚሸፍን አንድ የምስጠራ ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ ማረጋገጫው ግን በዲኤንኤስ (የድር ስሞችን ከሰርቨር አድራሻ ጋር የሚያገናኝ) መዝገብ በኩል ብቻ ስለሚፈጸም ዲኤንኤሱን በፕሮግራም ለማዘዝ የሚፈቅድ አገልግሎት መምረጥ ያስፈልጋል።

የድርጅቱን መለያ ተጠቃሚው ሊለውጠው ከሚችል ቦታ፣ ለምሳሌ ከተደበቀ የቅጽ ሳጥን ወይም ከአድራሻው ጭራ ላይ ካለ ቁጥር አንብቦ ማመን ትልቅ ስሕተት ነው። ተጠቃሚው ሲገባ የሚከፈተው ሴሽን (እስኪወጣ ድረስ ማንነቱን የሚይዝ መዝገብ) የድርጅቱን መለያ በሰርቨሩ በኩል መያዝ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄም ከመጣበት ሰብዶሜይን ጋር መመሳከር አለበት፤ ካልተስማሙ ጥያቄው ይከለከላል። ሴሽኑን ለመለየት በተጠቃሚው ብራውዘር የሚቀመጠው ኩኪም ለዋናው ዶሜይን ሳይሆን ለዚያው ሰብዶሜይን ብቻ እንዲሰጥ ያድርጉ፤ ለዋናው ዶሜይን የተሰጠ ኩኪ ወደ ሁሉም ድርጅቶች አድራሻ ይላካልና።

ድርጅቱ ካልታወቀ መተግበሪያው ማቆም አለበት። «ካልታወቀ የመጀመሪያውን ድርጅት ውሰድ» የሚል ነባሪ ምርጫ ለሙከራ ተብሎ በኮድ ውስጥ የሚገባ፣ ከዚያም ተረስቶ የሚቀር ነው። የዳታቤዙን ግንኙነት በጋራ ተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሲስተናገዱ አንዱ የሌላውን ይወርሳል። ግንኙነቱ ከጥያቄው ጋር ተወልዶ ከጥያቄው ጋር የሚያበቃ መሆን አለበት፤ ጥያቄው በስሕተት ቢቋረጥ እንኳ።

ይህን በአጽንዖት የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። የድር ገጾቹን በጥንቃቄ ለይቼ ሳበቃ፣ ሌሊት ሌሊት ለየመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የክምችት ሪፖርት የሚልከውን የጀርባ ሥራ ግን በአንድ ዑደት ውስጥ ግንኙነት እየቀየረ እንዲሄድ አድርጌ ጽፌው ነበር። አንድ ሌሊት ወደ አንዱ ዳታቤዝ መገናኘት ሳይሳካ ቀረ፤ ኮዱ ስሕተቱን በሎግ (በክንውን መዝገቡ) ጽፎ ቀጠለ፤ ነገር ግን የቀደመው ድርጅት ግንኙነት ገና ክፍት ስለነበር የአንዱ መድኃኒት ቤት የክምችት ዝርዝር ለሌላው ባለቤት ተላከ። ጠዋት ሁለቱም ዘንድ ሄጄ የሆነውን በግልጽ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የጀርባ ሥራ የድርጅቱን መለያ በራሱ መልእክት ውስጥ ይዞ በተለየ ሥራነት ይሰለፋል፤ ሲጀምር አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ ሪፖርቱን ከመላኩ በፊት ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ የተጻፈው የድርጅት መለያ ከመልእክቱ መለያ ጋር መስማማቱን ያረጋግጣል። ለዚህ ሲባል በየዳታቤዙ ውስጥ የድርጅቱን መለያ ብቻ የያዘች ባለ አንድ ረድፍ ሰንጠረዥ እንድትኖር አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዳታቤዝ ውጭ ያሉ ማከማቻዎችም ይህንኑ ይሻሉ። በካሽ፣ ማለትም መረጃን ቶሎ ለማግኘት በሚያገለግል ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ውስጥ የሚቀመጥ ማንኛውም ቁልፍ (መረጃው የሚጠራበት ስም) በድርጅቱ መለያ መጀመር አለበት፤ የደረሰኝ ቁጥር 1 በሁሉም ድርጅት ዘንድ አለና። የተጫኑ ፋይሎች በየድርጅቱ አቃፊ ይቀመጡ፤ ሎጉም በእያንዳንዱ መስመር የድርጅቱን መለያ ይጻፍ እንጂ የደንበኞችን ስምና ስልክ አይጻፍ።

መብትና የግንኙነት ብዛት

ለየድርጅቱ ዳታቤዝ የራሱን የዳታቤዝ ተጠቃሚ መፍጠር፣ ያ ተጠቃሚም ወደ ሌላ ዳታቤዝ እንዳይገባ መከልከል ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ አዲስ ዳታቤዝ ሲፈጠር ፐብሊክ ለተባለው፣ ማለትም ለማንኛውም ተጠቃሚ፣ የመገናኘት መብት አስቀድሞ ይሰጣል፤ ይህ መብት በትእዛዝ ካልተነሳ ተጠቃሚዎቹን መለየቱ ግማሽ ሥራ ነው። መብቱ ሲነሳ ግን በኮዱ ውስጥ ስሕተት ቢኖር እንኳ ዳታቤዙ ራሱ በሩን ይዘጋል።

ቀጥሎ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ ካልተቀየረ በቀር በአንድ ጊዜ 100 ግንኙነቶችን ብቻ ይቀበላል። 40 ድርጅቶች ቢኖሩ፣ መተግበሪያው በ2 ፕሮሰስ (ጎን ለጎን በሚሠሩ ሁለት ቅጂዎች) ቢሠራና እያንዳንዱ ፕሮሰስ ለየድርጅቱ 5 ግንኙነት ከፍቶ ቢይዝ 400 ግንኙነት ይሆናል፤ አብዛኛዎቹም ምንም ሳይሠሩ የሚጠብቁ ናቸው። አንድ የፖስትግሬስ ግንኙነት ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ብቻ የታሰረ በመሆኑ ለአንዱ ድርጅት የተከፈተውን ለሌላው ማዋል አይቻልም። መፍትሔው የየድርጅቱን ፑል (ተከፍተው የሚጠብቁ ግንኙነቶች ስብስብ) ትንሽ ማድረግ፣ ሥራ የፈታውን ግንኙነት ቶሎ መዝጋትና በመተግበሪያውና በዳታቤዙ መሐል ፒጂባውንሰርን (PgBouncer) የመሰለ ግንኙነቶችን የሚያስተናግድ ፕሮግራም ማቆም ነው፤ ፒጂባውንሰርም ፑሉን የሚቆጥረው በተጠቃሚና በዳታቤዝ ጥንድ ስለሆነ ነባሪው 20 የሆነውን መጠን ዝቅ ማድረግ፣ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝም ጣሪያ ማበጀት አይዘንጋ። ጣሪያው በተለይ በጥምቀት ሰሞን ይጠቅማል፤ ከጥር 10 በፊት ባሉት ቀናት የፒያሳ ሆቴሎች የክፍል ምዝገባ ሲጨናነቅ የአዘዞው የእህል ነጋዴ መተግበሪያ መዘግየት የለበትም።

አዲስ ድርጅት መክፈት

አዲስ ዳታቤዝ ባዶ ሰንጠረዦችና መነሻ መረጃዎች ከተዘጋጁበት ሞዴል ዳታቤዝ ተቀድቶ ሊፈጠር ይችላል፤ በሚቀዳበት ጊዜ ከሞዴሉ ጋር የተገናኘ ሌላ ማንም መኖር የለበትም። ዳታቤዝ የመፍጠር ትእዛዝ በትራንዛክሽን፣ ማለትም ወይ ሁሉም በሚጸድቅ ወይ ሁሉም በሚሰረዝ የትእዛዞች ጥቅል፣ ውስጥ ስለማይፈጸም ሥራው በመሐል ቢቋረጥ ወደ ኋላ የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ሲጠናቀቅ በማዕከላዊው መዝገብ ይጻፍ፤ እርምጃዎቹም ተደግመው ቢሠሩ ጉዳት እንዳያመጡ ሆነው ይዘጋጁ። ድርጅቱ «ክፍት» የሚባለው የመጨረሻው እርምጃ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

የሰንጠረዥ ለውጥ በሁሉም ዳታቤዞች ላይ

ይህን ንድፍ የመረጠ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓምድ መጨመር ቀድሞ አንድ ትእዛዝ ነበር፤ አሁን 40 ትእዛዝ ሆኗል፤ ከአርባዎቹም በአሥራ ሰባተኛው ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። በመሆኑም ማይግሬሽን፣ ማለትም እንዲህ ያለውን የሰንጠረዥ ለውጥ በየዳታቤዙ ላይ ማስፈጸም፣ ከራስ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ከሰርቨሩ መነሳት አለበት፤ የየዳታቤዙ ስሪትም በራሱ በዳታቤዙ ውስጥና በማዕከላዊው መዝገብ መጻፍ አለበት። ፖስትግሬስ አብዛኛውን የሰንጠረዥ ለውጥ በትራንዛክሽን ውስጥ ስለሚፈጽም ለውጡ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። በማይኤስኪውኤል ግን የሰንጠረዥ ለውጥ ትራንዛክሽኑን በራሱ ስለሚያጸድቅ በግማሽ የቀረ ዳታቤዝ ሊያጋጥም ይችላል፤ እዚያ የሚሠራ ሰው በአንድ ማይግሬሽን አንድ ለውጥ ብቻ ቢያደርግ ይመረጣል።

ለውጡ በሁሉም ላይ እኩል ስለማይደርስ የመተግበሪያው ኮድ ለተወሰነ ጊዜ ከአሮጌውም ከአዲሱም ስሪት ጋር መሥራት ይኖርበታል። የአንድን ዓምድ ስም መቀየር ሲፈለግ አስቀድሞ አዲሱን ዓምድ መጨመር፣ ቀጥሎ ኮዱ በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ማድረግ፣ አሮጌውን መረጃ ወደ አዲሱ መቅዳት፣ ከዚያ ንባቡን ወደ አዲሱ ማዞር፣ አሮጌውን ዓምድ ማስወገድ ደግሞ ሁሉም ዳታቤዞች መድረሳቸው በመዝገቡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ መጀመሪያ በራስ የሙከራ ድርጅት፣ ቀጥሎ ፈቃደኛ በሆነ አንድ ደንበኛ፣ ከዚያ በሌሎቹ ላይ በትንሽ በትንሹ መሄድ፣ የመጀመሪያው ስሕተት ሲከሠትም ቆሞ መመርመር ጥሩ ነው። ወቅቱንም ማየት ይገባል፤ ለሆቴሎች የጥምቀት ሳምንት፣ ለነጋዴዎች ደግሞ በጀት ዓመቱ የሚዘጋበት የሰኔ 30 ሰሞን ምንም ለውጥ የማይደረግበት ጊዜ መሆን አለበት።

አንድ ደንበኛ «ለእኔ ብቻ ይህ ሰንጠረዥ ይጨመርልኝ» ሲል ዳታቤዙ የራሱ ስለሆነ እሺ ማለት ቀላል ይመስላል። እሺ አይበሉ። አንድ ጊዜ የስኪማው አንድነት ከተሰበረ እያንዳንዱ ቀጣይ ማይግሬሽን ለዚያ ድርጅት ለብቻው የሚታሰብ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አምስት ሲሆኑ አንድ መተግበሪያ ሳይሆን አምስት መተግበሪያ እየጠገኑ ነው። የተለየ ፍላጎት በቅንብር ወይም ሁሉም ዘንድ ባለ የተጨማሪ መረጃ ዓምድ ይስተናገድ።

ባክአፕና ፈተና

የተለየ ዳታቤዝ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ትልቁ የአንዱን ድርጅት መረጃ ሌላውን ሳይነኩ መመለስ መቻሉ ነው፤ ይህ ግን በራሱ አይመጣም። ፖስትግሬስ መረጃን ወደፈለጉት ደቂቃ የሚመልስበት ስልት የሰርቨሩን ዳታቤዞች በሙሉ አንድ ላይ የሚመልስ እንጂ አንዱን ነጥሎ የሚመልስ አይደለም። ስለዚህ ከእርሱ በተጨማሪ ፒጂ ደምፕ (pg_dump) በተባለው የፖስትግሬስ ቅጂ መውሰጃ የየዳታቤዙ ቅጂ በየሌሊቱ ለየብቻ ይወሰድ፤ ቅጂው ተመስጥሮ ከከተማው ውጭ ባለ ማከማቻም ይቀመጥ። የዳታቤዝ ተጠቃሚዎችና የይለፍ ቃሎቻቸው በዚህ ቅጂ ውስጥ ስለማይገቡ ለብቻቸው መወሰድ ይኖርባቸዋል። ሲመለስም በነባሩ ላይ ሳይሆን በአዲስ ስም ጎን ለጎን ይመለስ፤ ባለቤቱ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ በማዕከላዊው መዝገብ የዳታቤዙን ስም መቀየር ይበቃል። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት በዕጣ ተመርጦ ባክአፑ በእርግጥ ይመለስ፤ ተሞክሮ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው።

መለያየቱም እንዲሁ መፈተን አለበት። ሁለት የሙከራ ድርጅቶች ይከፈቱ፤ በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ደረሰኞች፣ ግን የተለያየ መጠን ያላቸው፣ ይመዝገቡ፤ ከዚያ በአንዱ ተጠቃሚ ገብቶ የሌላውን በሰብዶሜይን፣ በሴሽን፣ በጀርባ ሥራና በካሽ በኩል ለማግኘት የሚሞክር አውቶማቲክ ፈተና ይጻፍ። ይህ ፈተና ኮድ በተቀየረ ቁጥር መሮጥ አለበት፤ ካላለፈ ምንም ነገር ወደ ሰርቨሩ አይወጣም።

ድርጅቱ ሲወጣ

የደንበኛው ውል ሲያበቃ መረጃው የደንበኛው ነው። ሙሉውን ቅጂ እርሱ ሊከፍተው በሚችል መልክ፣ ማለትም በኤክሴል በሚከፈቱ ፋይሎች አድርጎ ማስረከብ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ በሚይዙ ላይ ግዴታ የሚጥል በመሆኑ የታካሚ ወይም የእንግዳ ስም የያዘ ዳታቤዝ «ምናልባት ይመለስ ይሆናል» ተብሎ ለዓመታት በሰርቨር ላይ እንዲቆይ ማድረግ አይገባም፤ የሚቆይበት ጊዜ በውሉ ይጻፍ። ጊዜው ሲደርስ ዳታቤዙ፣ የዳታቤዝ ተጠቃሚው፣ የፋይሎቹ አቃፊና የካሽ ቁልፎቹ ይሰረዛሉ፤ በባክአፕ ማከማቻ ያሉት ቅጂዎችም የሚጠፉበት ቀን ለደንበኛው በጽሑፍ ይነገረዋል። በማዕከላዊው መዝገብ የሚቀረው መለያ ቁጥሩ፣ «ተዘግቷል» የሚለው ሁኔታና ቀኑ ብቻ ሲሆን ያ ቁጥር ለሌላ ድርጅት ዳግመኛ አይሰጥም።